ታዱ፣ መዝገቡ ሞልቶ አልነበረም

የምወድሽ ታዱዬ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሁለት የጊፋታ ዘመን መለወጫ ያለ አንቺ አለፈ። የመጀመሪያውን በር ዘግቼ ዋልኩ። በሁለተኛው ግን ጎረቤት ሁሉ እየጠራኝ ከቤት ቤት ስዞር ውዬ ሆዴ እስኪወጠር በላሁ፤ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር።

መጋቢያችን ሙታን ደብዳቤ አያነቡም ይላል። እኔም አላጣሁትም። ነገር ግን አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር በአፌ ልነግርሽ ያቃተኝ አንድ ነገር ነበረ፣ እሱን ሳልነግርሽ ቀደምሽኝ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የእኔን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ፤ እንጨት ላይ መስመር ማስመር እንጂ ረጅም ወሬ አልለመደም። ታገሺኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ምሕረታችን ደህና ናት። አሁንም ቤሌ ከተማ ታስተምራለች፣ በወር አንድ ቅዳሜ በአውቶብስ መጥታ ታየኛለች። ሁለተኛ ልጅ ወልዳለች፣ ሴት ናት። አፍንጫዋ ያንቺ ነው፣ ጩኸቷ ግን ከኔ ወገን የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ወንድምሽ የበዴሳውን የእህል ንግድ ለልጁ አስረክቦ ተቀምጧል፣ ለሶዶ ጉዳይ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ይህ ዛፍ መካን ነው ይቆረጥ ስትይኝ የነበረው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። አንቺን ሊያሳፍርሽ የጠበቀ ይመስላል።

እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ላይ ያጉረመርማል፣ ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ አያይም፤ ሌላው ደህና ነው። ይህንን የምጽፍልሽም በአዲሱ ቤታችን ውስጥ፣ ደረቅ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። አዎ፣ አዲስ ቤት። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ የያዝኩትም እሱን ነው።

አሮጌውን ቤት ስንሠራ ምሕረት አልተወለደችም። አባቴ ከጉራጌ አገር ወጥቶ ሶዶ ከገባ ጀምሮ በዘራችን ከአናጢነት ሌላ ሥራ አናውቅምና ቤቱን ለመሥራት ማንንም አልቀጠርኩም። ቋሚውን እኔ ተከልኩ፣ ማገሩን እኔ መታሁ፣ ጭቃውን አንቺ በእግርሽ አቦካሽ። የሌላ ሰው ቤት የሠራሁትን ያህል ጥንቃቄ ግን አላደረግሁበትም፤ እንደነገሩ ቶሎ እንግባበት ብዬ ነው። በኋላ ምስጡ ከሥር ገባ፣ የጓሮው ግድግዳ ወደ ጎርፉ መውረጃ አዘነበለ፣ ቆርቆሮውም ዛገ። በክረምት ድስቱም ባልዲውም ወለል ላይ ይሰለፍ ነበር። አስተካክለዋለሁ እያልኩ ስንት ክረምት እንዳሳለፍኩ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወጣት እያለሁ ጊዜ አልነበረኝም፣ ጊዜ ሳገኝ ደግሞ እንጨቱም ጉልበቱም አልነበረኝም።

አንቺ ከማለፍሽ በፊት ባለው ዓመት ከኛ ዝቅ ብላ ያለችው ጎረቤታችን ዘነበች ከእህቶች ጸሎት ስትመለስ ወሬ ይዛ መጣች። ከተማ አስተዳደሩ የአቅመ ደካሞችን ቤት አፍርሶ ሊሠራ ነው፣ ቀበሌ ስም እየመዘገበ ነው አለች። አንቺም ሄጄ እንዳስጽፍ ጠየቅሽኝ። ሦስት ቀን ዝም አልኩሽ። በአራተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያን ኮቴን ለበስኩ፣ የቦታውን ካርታ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ሰጠሽኝ፣ ኮሌታዬንም በእጅሽ አራገፍሽልኝ።

ታዱዬ፣ ቀበሌ በር ድረስ ሄጃለሁ። እስከዚያ ድረስ አልዋሸሁሽም። አግዳሚው ላይ ሰው ተደርድሮ ተቀምጦ ነበር። ከመካከላቸው ለሠርጉ አልጋ የሠራሁለት ሰው አለ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ተመለስኩ። የሰው ቤት ስሠራ የኖርኩ አናጢ ቤቴን ሥሩልኝ ብዬ ከሱ አጠገብ ልቀመጥ? እግሬ እምቢ አለ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው እንጨት ቤት ሄጄ ልጆቹ እንጨት ሲልጉ እያየሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ መዝገቡ ሞልቷል ብለው መለሱኝ አልኩሽ።

ጥቂት አየሽኝ። ከዚያ እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል አልሽና አልጋውን ከሚያፈሰው በኩል ልንግፋው ብለሽ አንዱን ጫፍ ያዝሽ። እኔም ሌላውን ያዝኩ። ያን ክረምት ራሳችንን ወደ በሩ አድርገን ተኛን። ስታስይ እሰማሽ ነበር። ሐኪሙ የወሰደሽ ልብሽ ነው፣ እርጥበቱ አይደለም ብሎ ለምሕረት አስረድቷታል፣ እኔም አምኜዋለሁ። ሆኖም መዝገቡ ሞልቶ አልነበረም። ያልነገርኩሽ ይህንን ነው።

ግድግዳው የወደቀው ባለፈው ክረምት፣ በእሑድ ቀን ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋት አባርቶ ነበር። ከአምልኮ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃችን ቆሟል፤ የጓሮው ግድግዳ እንዳለ ጎርፉ መውረጃ ውስጥ ተኝቷል፣ አልጋችን ከውጭ ይታያል። የልብስሽ ሻንጣ ላይ ጭቃ ወርዶበታል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። የጸሎት ቤት ሰዎች የእሑድ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ዕቃውን አወጡት፣ ዘነበችና ባሏም የፊት ክፍላቸውን ለቀቁልኝ። ቀሚሶችሽን ዘነበች አጠበቻቸው፣ አንዱም አልተበላሸም።

ሰኞ ዕለት ሳራ የምትባል የቀበሌው ሠራተኛ መዝገብ ይዛ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሕትና አላት። ቋሚውን በእግሯ ነካ ስታደርገው እንደ ዳቦ ተፈረፈረ። ስሜን ልትጽፍ ስትል ግድ የለም፣ እጄ ጤነኛ ነው፣ ራሴ እሠራዋለሁ አልኳት። አልተከራከረችኝም፤ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ዘነበች ይህን ሁሉ ከውስጥ ስትሰማ ነበር። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ወጥታ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን ስታስተካክል ቆየች።

«ጋሼ ወልዴ፣ ይሄ ነገር ከታዱ ጋር ተቀብሯል ብዬ ትቼው ነበር» አለችኝ። «ታዱ ታውቅ ነበር።»

ከዚያ ነገረችኝ። እኔ ከቀበሌ በር በተመለስኩ በሳምንቱ፣ ምናልባት ቦታ ከተገኘ ብለሽ ዘነበችን አስከትለሽ ቀበሌ ሄድሽ አሉ። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ ገና ግማሹ ባዶ መሆኑን አሳየሽ። ወልዴ የሚባል ሰው መጥቶ አያውቅም አለሽ። የራስሽን ስም ላስፍር ብሎሽ ነበር፣ አንቺ ግን አመስግነሽው ወጣሽ። ዘነበች መንገድ ላይ ምን ነካሽ ብላ ስትቆጣሽ የመለስሽላትን ቃል በቃል ነገረችኝ፦

«እኔ ባስጽፍ እሱ ይሰማል። ሲሰማ ደግሞ መዋሸቱን እንዳወቅሁ ያውቃል። ጣሪያው ቢያፈስ ይሻለኛል።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ባንቺ ተናደድኩ። ለምን አልጮኽሽብኝም? ስትቆጪ እኮ ታውቂበታለሽ። በዴሳ ትምህርት ቤት መስኮት ልገጥም የመጣሁ ጊዜ፣ የመጋዜ ብናኝ ያሰጣሽው በቆሎ ላይ እየበረረ ብለሽ መጥተሽ ስትቆጪኝ አማርኛሽ ተደባልቆ «አንቺ ሰውዬ» ያልሽኝን እስካሁን አልረሳሁም። ያን ቀን ነው የወደድኩሽ። እንዲያ ያለች ሴት ይህን ሁሉ እንዴት ዋጠችው?

ከዚያ ያን ሳምንት አስታወስኩ። አንድ ቀን ከውጭ ገብተሽ ጎደሬ ቀቅለሽ፣ ዳታ በርበሬውን አብዝተሽ አቀረብሽልኝ። ሲያቃጥለኝ ስትስቂ ነበር። እኔም ስቄ ነበር። ያኔ ሁሉንም ታውቂ ነበር ማለት ነው። እያወቅሽ አብረሽኝ በላሽ፣ አብረሽኝ ሳቅሽ። በዘነበች ደጅ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ ከአጠገቤ ያለው ሰው እንኳ ማን እንደሆነ አላየሁም። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሳራ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀችኝ። ሥራ ስትለኝ አናጢ አልኳት። አሁንስ አለችኝ። አሁንም አልኳት። እጇን ሳታነሳ «አናጢ» ብላ ጻፈች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያቺ አንዲት ቃል ልቤን አቀናችው። የሰፈሩ ኮሚቴም መጥቶ ቤቱን አይቶ ፈረመ።

ሁሉ ነገር ወዲያው ሆነ ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸት በቅቶኛል። ቆርቆሮው ከኔ በፊት ቤታቸው ለፈረሰባቸው ተሰጥቶ አለቀ፣ እስከ መስቀል ማግሥት ጠብቁ ተባልን። ሲሚንቶውም ዘገየ። እስከዚያው ሳራ ለምሳ የምገባ ማዕከሉ ውስጥ እንድመዘገብ አደረገች። ይህ አንቺ ካለፍሽ በኋላ የተከፈተ ነው፤ ከተማው ያሠራው አዳራሽ ነው፣ ነጋዴውም ቤተ ክርስቲያኑም እህል ያግዘዋል፣ ጧሪ የሌለውና የደከመ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ትኩስ ምግብ ይበላበታል።

የመጀመሪያው ቀን ከቀበሌው አግዳሚ የባሰ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥኩ። የሚያስተናግዱት ሴቶች ቂጣና የባቄላ ወጥ ከጎመን ጋር አመጡልኝ። ወጡ ጥሩ ነበር፤ ጨው ትንሽ አንሶታል። ልበላ ስጎነበስ አግዳሚው ተንገዳገደ። ከጎኔ ያሉት አሮጊት ይሄ ወንበር አንድ ቀን ይጥለናል አሉ። ድሮ ገበያ ቅቤ ይሸጡ የነበሩ ሴት ናቸው፣ አንቺ ከሳቸው ትገዢ ነበር፤ ስላንቺ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቆዩ። በሁለተኛው ቀን መዶሻና ምስማር ይዤ ሄድኩ። ከምሳ በፊት ያንን አግዳሚ አጠበቅሁት። በሦስተኛው ቀን ሌላውን። በሳምንቱ ወጥ ቤቷ የድስት መደርደሪያ ትሠራልኛለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ከተጣለ ጣውላ ሠራሁላት። ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አላውቅም። አሁንም ብዙ ቀን እዚያ ነው የምበላው። ወሬውን ብትሰሚ ትወጂው ነበር፤ ሶዶ ውስጥ ማን ማንን እንዳገባ የሚታወቀው እዚያ ነው።

በጥቅምት እንጨቱ መጣ። ቋሚውን አንድ የከተማችን ነጋዴ ሰጠ፣ ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን ከተማ አስተዳደሩ፣ ጉልበቱን ደግሞ ጎረቤቱና የበጎ ፈቃድ ወጣቶች። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበር የሚመራው። እኔ ተቀምጬ እንዳይ ወንበር አወጡልኝ። ለግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ወጣቶቹ ቋሚውን እንዲሁ ሊተክሉት ሲጀምሩ ግን አልቻልኩም። ተነስቼ መሐንዲሱን አቁም አልኩት። አፈር የሚገባው የእንጨት ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ካልጠጣ በአምስት ዓመት የምስጥ ቀለብ ነው፣ እኔ ራሴ በገዛ ቤቴ ላይ ያየሁት ነው አልኩት። ቢኮራ ኖሮ አልፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ወጣቶቹን ባጃጅ ጋራዥ ልኮ ሁለት ጄሪካን የተቃጠለ ዘይት አስመጣ። ቋሚው በሙሉ አንድ ቀን ዘይት ሲጠጣ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ምስማር ከመመታቱ በፊት «ጋሼ፣ እንዲህ ይሁን?» ይሉኝ ጀመር።

በሩን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ምን እንደሠራሁበት ልንገርሽ፣ ደስ ይልሻል። አልጋ ሥር ለሬሳ ሳጥኔ ብዬ ያስቀመጥኳቸው የዋንዛ ጣውላዎች ነበሩ፤ ስትጠርጊ መጥረጊያው በነካቸው ቁጥር ይህን የሞት እንጨት ከቤቴ አውጣልኝ የምትይኝ። ጭቃውን አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅኋቸው። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ መላጊያዬን አወጣሁ። ሲላጉ ቀለማቸው እንዴት ያምራል መሰለሽ፣ ገና ትናንት የተቆረጡ ይመስላሉ። የሞት እንጨቱ አሁን የመግቢያ በራችን ነው። እኔን በምንም ጣውላ ይቅበሩኝ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ መስኮቱ ወደ ዳሞታ ያያል። ማድ ቤቱን አልሠሩትም፣ ለእሱ በጀት የለም ተባለ፤ አሮጌው እንዳለ ቆሟል። አሸንዳም አልነበረውም፣ እኔ ሠራሁለት። ከኛ መስመር ሁለት ቤቶች ገና ተራቸውን እየጠበቁ ነው፣ በራቸውን ከወዲሁ ሠርቼ አስቀምጫለሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ የዘነበ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ዘነበች ቤት ነበርኩ፣ ጃንጥላ ሳልጠብቅ ሮጬ መጣሁ። ገብቼ መሀል ወለሉ ላይ ቆምኩ። ከልማድ የተነሳ ባልዲ በእጄ ይዣለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይጮኻል፣ እኔ ደግሞ ወደ ላይ እያየሁ ጠብታ እፈልጋለሁ። የለም። ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥኩበትና እስኪያባራ ድረስ እንዲሁ አዳመጥኩ። ደስ አለኝ ታዱዬ። ካንቺ ሞት ወዲህ ያለ ሐሳብ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው። ሐዘኑ በኋላ መጣ፤ አንቺ ልትሰሚው ይገባ ነበር። ቢሆንም ደስታውን ይዞት አልሄደም።

አሁን የሰፈሩ ኮሚቴ አባል አድርገውኛል። ለበዓል ማዕድ ማጋራት ሲኖር ዱቄትና ዘይቱ ለማን እንደሚደርስ፣ የማን ቤት እንደሚያፈስ እናያለን። ሳራ ሥራ ከፋፍላ ስትሰጠን ለኔ የምትሰጠኝ እምቢ የሚሉትን ነው። እምቢተኛን የሚያውቅ እምቢተኛ ነው ትላለች።

ባለፈው ሳምንት የላከችኝ ከላይኛው መንገድ ያለ ሰው ዘንድ ነው። ድሮ በሻንቶ መስመር ሚኒባስ ይነዳ ነበር፣ አሁን እግሩ አይታዘዘውም። ጣሪያው ላይ ላስቲክ ጥሎ ድንጋይ ጭኖበታል። ሁለት ጊዜ መልሶኛል፤ ልጆቼ ይሠሩልኛል ነው የሚለው። በሦስተኛው ስሄድ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። ባሏ ልጆቼ ይሠሩልኛል ሲል እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ያንን ዝምታ አወቅሁት። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ አንድም ቀን ሳላየው የቀረሁት ነው።

ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። እስከ ቀበሌ በር መሄዴን፣ መመለሴን፣ መዝገቡ ሞልቷል ማለቴን፣ አንቺም ማወቅሽን፣ ሳትነግሪኝ መሞትሽን። ለወንድ ይህንን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኩት፦ «እኔ ደረቅ ቤት ገብቻለሁ ወንድሜ። የገባሁት ግን ብቻዬን ነው። እናንተ ገና ሁለት ናችሁ።»

ሚስቱን ቀና ብሎ አያት፣ እሷም አየችው። ከዚያ ነገ ጠዋት ናና አብረን እንሂድ አለኝ። እሷ እስከ አጥር ሸኘችኝና በወላይትኛ አንድ ቃል ብቻ አለችኝ፦ «ጋላታይስ።» አመሰግናለሁ ማለቷ ነው፤ እኔ ግን ምስጋናው የኔ አልመሰለኝም፣ ይዤልሽ መጣሁ። በማግሥቱ ሄድን። አግዳሚው ላይ ክንዱን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ተራው ሲደርስ አብሬው ገባሁ፣ ስሙ እስኪጻፍ ድረስ አልወጣሁም።

ታዱዬ፣ ይቅር በይኝ ልልሽ ነበር ይህን የጀመርኩት። ስጽፍ ስጽፍ ግን ገባኝ፣ አንቺ ይቅር ያልሽኝ ያኔ የአልጋውን ጫፍ ስትይዢ ነው። ስለዚህ የቀረኝ ማመስገን ነው። አንቺን ማስታወስ ለኔ መቃብርሽ ላይ አበባ ማኖር ብቻ አይሆንም። ደጃቸው ቆመው ዝም የሚሉ ሴቶችን ባየሁ ቁጥር ዝምታቸውን እሰማለሁ፣ ባሎቻቸውንም ቁጭ ብዬ አነጋግራለሁ። እግሬ እስካለ ድረስ ይህን አልተውም።

ያንቺው ወልዴ፣
የምሕረት አባት